አሮጌ አውቶሞቢል ቆሞ ሲንቀጠቀጥና ቤንዚን ሲያበዛ ምክንያቱን ስለ መመርመር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ የሞተርም ሕመም ከሥሩ ካልተመረመረ በላይ በላዩ ቢነካኩት አይድንም። አትክልቱን፣ ወተቱን ወይም እህሉን በአሮጌ አውቶሞቢል ወደ ገበያ የሚያመላልስ ገበሬ፣ የመሥሪያ ቤቱን መኪና በኃላፊነት የሚጠብቅ ሹም፣ ከአባቱ የወረሰውን ቮልስዋገን የሚነዳ የከተማ ሰው፣ ሦስቱም አንድ ቀን የሚገጥማቸው አንድ ዓይነት ችግር አለ። ይኸውም መኪናው በመንገድ ላይ ደኅና ሲሄድ ቆይቶ በቆመ ጊዜ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁ አንድ ጊዜ ከፍ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል፤ ከጭስ ማውጫው ጥቁር ጭስ ይወጣል፤ የቤንዚን ሽታ አፍንጫን ይሰነፍጣል፤ የቤንዚኑም ወጪ ከወር ወደ ወር ይጨምራል።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው ቸኩሎ የሚያደርገው ካቻቢቴ አንሥቶ የካርቡራተሩን ቪቴ ማጥበቅና ማላላት ነው። ሞተሩ ለጥቂት ቀን የተሻለው ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ሕመሙ ብሶ ይመለሳል። ቪቴውን ማዞር የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለምና፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ትምህርት ምርመራው በየትኛው ተራ መካሄድ እንዳለበት ያስረዳል።

ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ሦስት ጉዳቶችን ያስብ። አንደኛው የገንዘብ ጉዳት ነው። ሁለተኛው የሞተሩ ዕድሜ ማጠር ነው፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል፣ ወደ ታችም ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል፤ ዘይቱ የቀጠነበት ሞተር ደግሞ በቶሎ ይበላል። በ2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ሲታሰብ፣ በእጅ ያለውን አሮጌ መኪና በደኅና መጠበቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ግልጽ ይሆናል። ሦስተኛው ጉዳት ከሁሉ ይከፋል፤ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ አብዝቶ ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሰውን ሳያስጠነቅቅ ይገድላል።

ቤንዚን በዛ ማለት ምን ማለት ነው

አንድ ኪሎ ግራም ቤንዚን በሚገባ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። ይህን ድብልቅ በአሮጌ መኪና የሚያዘጋጀው ካርቡራተር ነው። አየሩ ከዚህ መጠን ሲያንስ ወይም ቤንዚኑ ሲበልጥ፣ ከቤንዚኑ ከፊሉ ሳይቃጠል ቀርቶ ጥላሸትና ጭስ ይሆናል። መኪናው በፍጥነት ሲሄድ ብዙ አየር ስለሚሳብ ጉድለቱ አይታወቅም፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር፣ ይኸውም መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ጊዜ፣ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሿ ትርፍ ቤንዚን እንኳ ሞተሩን ታንቀጠቅጠዋለች።

እንግዲህ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ቤንዚን በዛ የሚለው ቃል የሕመሙ ምልክት እንጂ ምክንያቱ አለመሆኑ ነው። ትኩሳት ከወባም ከጉንፋንም እንደሚመጣ ሁሉ፣ ይህም ምልክት ከቆሸሸ ፊልትሮ፣ ከተጣበቀ ቾክ፣ ከተበሳ ተንሳፋፊ፣ ከደከመ የቤንዚን ፓምፕ፣ እንዲያውም ከአገሩ ከፍታ ሊመጣ ይችላል።

የደጋው አየርና የቆላው ካርቡራተር

ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋ በአንድ ቀን በሚወጣበት አገር ይህ የመጨረሻው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ምጽዋ በባሕር ጠረፍ ናት፤ አስመራ ግን 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች፤ በሁለቱ መካከል ያለው የመኪና መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባም በከፍታዋ ከአስመራ ብዙ አትለይም። በባሕር ጠረፍ የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በእነዚህ ከተሞች ወደ 570 ገደማ ይወርዳል፤ ይህም ሩብ ያህል መቀነሱን ያሳያል።

ካርቡራተር የአየሩን ክብደት አይመዝንም፤ የሚያውቀው አየሩ በጉሮሮው ውስጥ የሚያልፍበትን ፍጥነት ነው። ስለዚህ አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚሰጠው ቤንዚን በዚያው ልክ አይቀንስም። በቆላ ተስተካክሎ ወደ ደጋ የወጣ መኪና ድብልቁ በግምት ከ10 እስከ 15 በመቶ ቤንዚን ይበዛበታል። ለምሳሌ በጊንዳዕ ብርቱካን የሚያለማ አንድ ገበሬ መኪናውን እዚያው አስተካክሎ ወደ አስመራ ገበያ ቢወጣ፣ ሞተሩ በመብራት ላይ ሲቆም ቢንቀጠቀጥ መኪናው ተበላሸ ማለት አይደለም።

በዚሁ ምክንያት የውጭ አገር መጽሐፍ የሚሰጠውን ቁጥር እንዳለ መቀበል ያሳስታል። በሞተሩ የአየር ማስገቢያ ውስጥ ያለውን ስበት የሚለካው መሣሪያ በባሕር ጠረፍ ከ430 እስከ 530 ሚሊ ሜትር ካሳየ ሞተሩ ደኅና ነው ይባላል። በአስመራ ወይም በአዲስ አበባ ግን ፍጹም ጤነኛው ሞተር 190 ሚሊ ሜትር ያህል አሳንሶ ያሳያል። ይህን ያላወቀ መካኒክ ደኅናውን ሞተር ደክሟል ብሎ ሊፈታው ይችላል።

ከምርመራው በፊት የሚደረግ ጥንቃቄ

ምርመራው ከቤት ውጭ፣ በተንጣለለ አየር ይሁን። ሲጋራም ሆነ ሌላ እሳት በአካባቢው አይኑር፤ አሸዋ ወይም የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ይቀመጥ። የእጅ ፍሬን ይያዝ፤ ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ልብስና ነጠላ ወደ ቀበቶውና ወደ ማራገቢያው እንዳይገባ ይሰብሰብ። ከዚያም ሞተሩ በሚገባ እስኪሞቅ ድረስ መኪናው ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይነዳ፤ ቀዝቃዛ ሞተር በተፈጥሮው ተጨማሪ ቤንዚን ስለሚፈልግ በብርዱ የተመረመረ ሞተር የሐሰት ምስክርነት ይሰጣል።

ምርመራው በየተራው

1ኛ. ጭሱንና ካንዴላዎቹን ማንበብ። ጥቁር ጭስ የቤንዚን መብዛት፣ ሰማያዊ ጭስ የዘይት መቃጠል ምልክት ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ደግሞ በውሃ በሚቀዘቅዝ ሞተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ይጠቁማል። ከዚህ በኋላ ሞተሩ ጠፍቶ ካንዴላዎቹ ይፈቱና እንደ ሲሊንደሮቻቸው ተራ በጨርቅ ላይ ይደርደሩ። ደረቅና እንደ ከሰል ዱቄት የጠቆረ ካንዴላ ቤንዚን የበዛበት ነው፤ እርጥብና ዘይት የተቀባ የመሰለው ዘይት የሚገባበት ነው፤ ቡናማ ወይም ግራጫ የሆነው ጤነኛ ነው። አራቱም ከጠቆሩ ጥፋቱ ለሁሉም በጋራ ከሚያገለግለው ክፍል ነው። አንዱ ብቻ ከጠቆረ ግን ካርቡራተሩን መክሰስ አይገባም፤ ጉድለቱ በዚያው ሲሊንደር ካንዴላ፣ ሽቦ ወይም ቫልቭ ላይ ይፈለግ።

2ኛ. እሳቱን ማረጋገጥ። ደካማ እሳት የሚያገኝ ሲሊንደር ቤንዚኑን ሳያቃጥል ስለሚያወጣው፣ ድብልቁ ትክክል ሆኖ ሳለ ቤንዚን የበዛ ያስመስላል። ስለዚህ ካርቡራተሩ ከመነካቱ በፊት ካንዴላዎቹ፣ ሽቦዎቹ፣ ፑንቲናውና የማከፋፈያው ክዳን ይታዩ። በአሮጌው ቮልስዋገን የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር፣ የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው። የተቃጠለና ጉብታ ያወጣ ፑንቲና ይለወጥ። ከዚህም በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የእያንዳንዱ ካንዴላ ሽቦ አንድ በአንድ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መያዣ ለአፍታ ይነቀል፤ የተነቀለውም ሽቦ ጫፍ ከሞተሩ ብረት ጋር ይገናኝ። ሲነቀል ሞተሩ ከደከመ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ ምንም ለውጥ ካላሳየ የሰነፈው ሲሊንደር ተገኘ። ይህ ዘዴ ፑንቲና ላላቸው አሮጌ መኪኖች ብቻ ነው፤ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በተገጠመላቸው ላይ ከተሞከረ መሣሪያውን ሊያቃጥል ይችላል።

3ኛ. የአየር ፊልትሮውን መመልከት። በአቧራ መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልትሮው በቶሎ ይደፈናል። ፊልትሮው ለጥቂት ደቂቃ ወልቆ ሞተሩ ቢስተካከል ምክንያቱ ተገኘ። ፊልትሮው ዘይት የሚቀመጥበት ዓይነት ከሆነ ጭቃው ተጠርጎ በአዲስ ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ይሞላ፤ ከምልክቱ ማለፍ አየሩን ይዘጋል። ይሁን እንጂ ያለ ፊልትሮ መንዳት ፈጽሞ አይገባም፤ አቧራ ሲሊንደሩን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል።

4ኛ. የድብልቁን ዓይነት መለየት። ፊልትሮው እንደ ወለቀ የካርቡራተሩ አፍ በንጹሕ ጣውላ በከፊል ይሸፈን። ሞተሩ እሳት ወደ ላይ ሊተፋ ስለሚችል በእጅ መሸፈን ወይም ፊትን ማቅረብ አይገባም። በተሸፈነ ጊዜ ሞተሩ ተሽሎት ፍጥነት ከጨመረ፣ የጎደለው ቤንዚን እንጂ አየር አይደለምና፣ በተበላሸ ጓርኒሲዮን ወይም በተሰነጠቀ ጎማ በኩል የሚገባ የሌብነት አየር ይፈለግ። ወዲያው ባሰበትና ሊጠፋ ከቃጣው ግን ቤንዚን መብዛቱ ይበልጥ የታመነ ይሆናል።

5ኛ. ቾኩን መመርመር። ቾክ በብርድ ጊዜ አየሩን ጨቁኖ ቤንዚን የሚያበዛ ትንሽ በር ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይህ በር ቀጥ ብሎ መከፈት አለበት። በእጅ በሚሳበው ቾክ ገመዱ ዝጎ ሳይመለስ ይቀራል፤ ትንሽ ዘይትና መፈታታት ያድነዋል። በቮልስዋገን ላይ ያለው ግን ራሱ የሚሠራ ሲሆን፣ በሩን የሚከፍተው በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጠምዛዛ የብረት ቅጠል ነው። ወደዚህ ክፍል የምትሄደው ቀጭን ሽቦ ከተነቀለች ወይም ከተበጠሰች ቅጠሉ አይሞቅም፤ በሩም ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ግማሽ ተዘግቶ ይቀራል። ለ12 ቮልት የተሠራ ማሞቂያ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ባለው አሮጌ መኪና ላይ ከተገጠመም ከሚገባው ሩብ ያህል ሙቀት ብቻ ስለሚሰጥ ጉዳቱ ያው ነው። ስንት ካርቡራተር በዚህች በአንዲት ሽቦ ምክንያት ያለ ጥፋቱ ተፈትቷል።

6ኛ. ተንሳፋፊውንና መርፌውን መመርመር። በካርቡራተሩ ገንዳ ውስጥ እንደ ቡሽ የሚንሳፈፍ ባዶ ዕቃ አለ፤ ቤንዚኑ ልኩን ሲይዝ ከፍ ብሎ በመርፌ መግቢያውን ይዘጋል። መርፌው ካረጀ፣ በመቀመጫው ላይ ቆሻሻ ካረፈ ወይም ተንሳፋፊው ተበስቶ ከሰመጠ፣ ቤንዚኑ ሞልቶ ወደ ሞተሩ ይፈሳል። ይህን ለማወቅ ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ፊትን ሳያቀርቡ በመብራት ወደ ካርቡራተሩ ጉሮሮ ይታይ፤ ከዋናው የቤንዚን ቧንቧ ጠብታ የሚወርድ ከሆነ ገንዳው ሞልቷል ማለት ነው። ተንሳፋፊው ወጥቶ በጆሮ አጠገብ ሲነቀነቅ ውስጡ ቤንዚን ከተሰማ ተበስቷልና በአዲስ ይለወጥ። መርፌውንም ከመቀመጫው ጋር አብሮ መለወጥ ይሻላል።

7ኛ. የቤንዚኑን ፓምፕና የሞተሩን ዘይት መመርመር። አዲስ መርፌ ከተገጠመም በኋላ ገንዳው የሚሞላ ከሆነ የፓምፑ ግፊት ይለካ። ለእንዲህ ያለው ካርቡራተር 0.2 ባር ገደማ የሚበቃ ሲሆን፣ ከሌላ መኪና ተወስዶ የተገጠመ ብርቱ ፓምፕ መርፌውን በግድ ከፍቶ ያፈሳል። የፓምፑ የውስጥ ጎማ ከተቀደደ ደግሞ ቤንዚን በቀጥታ ወደ ሞተሩ ዘይት ይወርዳል። የዘይት መለኪያው ዘንግ ይውጣና ይሽተት፤ የቤንዚን ሽታ ካለው፣ ወይም የዘይቱ ልክ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ዘይቱ ተበክሏል። የተበከለ ዘይት በሞቀ ጊዜ የሚያወጣው የቤንዚን ትነት በመተንፈሻው ቱቦ ወደ አየር ፊልትሮው ስለሚገባ፣ ካርቡራተሩ ከታደሰ በኋላ እንኳ ሞተሩን ያንቀጠቅጣል። ይህ ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ከፊልትሮው ተነጥሎ ሞተሩ ከተስተካከለ ፈውሱ ፓምፑን መጠገንና ዘይቱን መለወጥ ነው። በእንዲህ ያለ ዘይት ረዥም መንገድ መሄድ ሞተሩን መግደል ነው።

8ኛ. የድብልቁን ቪቴ እንደ ምስክር መጠየቅ። ቪቴው ወደ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ዞረ እየተቆጠረ በቀስታ እስኪቀመጥ ድረስ ይዙር፤ በኃይል ከጠበቀ ጫፉ ይጎዳል። በአብዛኞቹ ካርቡራተሮች ቪቴው ሲዘጋ የሚኒሞው ቤንዚን ስለሚቋረጥ ሞተሩ መጥፋት አለበት። ካልጠፋ፣ ቤንዚን በሌላ በር እየገባ ነው፤ ወይ ገንዳው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይም በፔዳሉ የሚከፈተው የአየር በር ሚኒሞውን ከፍ ለማድረግ ሲባል ከልኩ በላይ ተከፍቷል። በአንዳንድ ካርቡራተሮች ግን ይህ ቪቴ የሚቆጣጠረው አየሩን ስለሆነ ወደ ውስጥ ሲገባ ቤንዚኑ ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ስለዚህ ከመጀመር በፊት የመኪናውን መጽሐፍ መመልከት ይገባል።

የመጨረሻው ማስተካከያ

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ብቻ ካቻቢቴ ይነሣ። ሞተሩ ሞቆ፣ ፊልትሮው ተመልሶ፣ ቾኩ ተከፍቶ ሳለ፣ የድብልቁ ቪቴ ሞተሩ ከሁሉ ፈጥኖና ረግቶ የሚዞርበት ቦታ እስኪገኝ ድረስ ቀስ በቀስ ይዙር። ከዚያ ጥቂት ብቻ ቤንዚኑን ወደሚያሳንሰው በኩል ይመለስ። ቀጥሎ የፍጥነቱ ቪቴ መጽሐፉ በሚያዘው ልክ ይስተካከል፤ ለብዙዎቹ የኋለኛ ጊዜ ቮልስዋገኖች ይህ በደቂቃ 850 ዙር ያህል ነው። አንዱ ሲነካ ሌላው ስለሚለወጥ ሁለቱ በየተራ ሁለት ሦስት ጊዜ ይታዩ።

ሁሉም ነገር ደኅና ሆኖ ሳለ በደጋ የሚኖረው መኪና በመንገድም ጭምር የሚያጨስ ከሆነ፣ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ዋናው ጄት አንድ ደረጃ ባነሰ ይለወጥ። በሶሌክስ ካርቡራተሮች ጄቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳውን ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ያመለክታል፤ 125 የተጻፈበት 1.25 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ቀዳዳውን በሽቦ መጥረግ ልኩን ስለሚያበላሽ በአየር ብቻ ይነፋ። የተለወጠውም ጄት አይጣል፤ ለደጋ የተስተካከለ መኪና ጭነት ይዞ በቆላ ሙቀት ለብዙ ቀን የሚሠራ ከሆነ አየር በዝቶበት ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፣ ቫልቩም ይቃጠላል። ስለዚህ መኪናው የሚስተካከለው አብዛኛውን ዘመኑን ለሚኖርበት አገር ነው፤ ኑሮው ሲለወጥ ጄቱም ይለወጣል።

ስለ ወጪና ስለ መዝገብ

በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚበቃው መኪና 15 በመቶ ካባከነ በየ100 ኪሎ ሜትሩ 1.5 ሊትር ይጠፋል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ከሆነ 15 ሊትር፣ በዓመት 180 ሊትር በጭስ ማውጫው ወጣ ማለት ነው። አሥር እንደዚህ ያሉ መኪኖች ባሉት መሥሪያ ቤት ጥፋቱ 1,800 ሊትር ይደርሳል። ይህን ለመቆጣጠር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ ደብተር ይበቃል። ቤንዚን በተሞላ ቁጥር ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቁጥርና የሊትሩ ብዛት ይጻፍ። ሒሳቡ ከፍ ማለት በጀመረ ጊዜ፣ ጭሱ ለዓይን ከመታየቱ በፊት፣ ደብተሩ ሕመሙን ይናገራል። የተደረገው ጥገናም በዚያው ይመዝገብ፤ በአንድ ቀን አንድ ነገር ብቻ ቢለወጥ የትኛው እንዳዳነው ይታወቃል፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተነካካ ግን መኪናው ቢድን እንኳ ትምህርት አይገኝበትም።

ይህ ሥርዓት ለአውቶሞቢል ብቻ የተጻፈ አይደለም። በመስኖ ዳር ውሃ የሚስበው ትንሽ የቤንዚን ሞተርም ፊልትሮ፣ ቾክ፣ ካንዴላና ካርቡራተር አለውና በዚሁ ተራ ይመረመራል፤ ተንሳፋፊ ያለው ከሆነ ተንሳፋፊውም እንዲሁ ይታያል። በአዝመራ ወቅት ፓምፑ አንድ ሳምንት ቢቆም የሚደርቀው አትክልት ከካንዴላውና ከፊልትሮው ዋጋ እጅግ ይበልጣል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ መርማሪው መጀመሪያ ያለ ዋጋ የሚታየውን ይመልከት፤ ቀጥሎ በጥቂት ዋጋ የሚለወጠውን ይለውጥ፤ ካርቡራተሩን የሚፈታው በመጨረሻ ይሁን። በዚህ ተራ የሄደ ሰው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን የሚያገኘው በቆሸሸ ፊልትሮ ወይም በተነቀለች ሽቦ ላይ ነው። በዚህ ተራ ሄዶም ያልተሳካለት ሰው ቢሆን ወደ መካኒኩ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የታየውንና ያልታየውን ለይቶ ስለሚናገር መካኒኩም ሥራውን በግማሽ መንገድ ላይ ያገኘዋል።